ለድልድዩ የተሰጠ ሦስት ደቂቃ

የሺአረግን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ፀጉር ቤቷ ውስጥ ምላሷን የሚችለው የለም። ባሏ የበደላት ደንበኛ ከወንበሩ ሳትነሳ ፍርድ ታገኛለች፤ መልስ ያስቀረ የሚኒባስ ረዳት መንገደኛ እየሰማ ልክ ልኩን ይነገረዋል። ይህችው ሴት የወረዳው ምክር ቤት አባል ናት። ባጇን አንጠልጥላ አዳራሹ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እዚያ የታሸገ ውኃ አለ፣ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ የሌለው የመጣበትን ጉዳይ በቀጥታ የሚናገር ሰው ነው።

ሰኔ ሲገባ ሰምሃር የምትባል ደንበኛዋ ሹሩባ ልትሠራ መጣች። ቦሌ ለሚ አካባቢ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። የፋብሪካው ሰርቪስ የሚያወርዳት ከሰፈሩ ወንዝ ማዶ ነው፤ ድልድይ ስለሌለ እሷና ጓደኞቿ የሚሻገሩት በአጣና ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ጎርፍ አጣናውን ከነጓደኛዋ ወሰደው። ልጅቷን ሰዎች ደርሰው ቢያወጧትም እግሯ ተሰብሮ ከሥራ ቀረች።

"የሺዬ፣ ክረምቱ መጣ እኮ። አንቺ ካልተናገርሽልን ማን ይናገርልናል?"

"እኔ እያለሁ? ለእኔ ተይው፣ አፋጥጣቸዋለሁ" አለች። ከልቧ ነበር።

በስብሰባው ቀን የተረፈው በጀት ለአንድ ሥራ ብቻ እንደሚበቃ ተነገረ፤ ወይ ለድልድዩ፣ ወይ አደባባዩ ላይ ለሚቆም ባለ ቀለም መብራት ፏፏቴ። ልብ በሉ፣ የቧንቧ ውኃ ሰፈሩ የሚመጣው ሲመቸው ነው። ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍ ሕዝብ መሃል ውኃ ወደ ሰማይ ሊረጩ ነው። ሰብሳቢው "የገጽታ ግንባታ" አለ፣ ቀጥሎም "አቅጣጫ ተቀምጧል" አለ። ከዚህ በኋላ በዚያ አዳራሽ ያለ ጭንቅላት ሁሉ ከመነቅነቅ በቀር ሥራ የለውም።

የሺአረግ እጇን አወጣች። ሦስት ደቂቃ ተሰጣት። ድልድይ ይሠራልን ለማለት የሩቡ ሩብ ይበቃ ነበር። ግን እዚያ ቤት ሳያመሰግኑ መናገር፣ ሳያሞግሱም መጠየቅ አልተለመደም።

"በመጀመሪያ ስለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ። የቀረበው ሪፖርት እጅግ ዝርዝርና አመርቂ ነው። ፏፏቴውም ለሰፈራችን ትልቅ ውበት እንደሚሆን አያጠራጥርም..."

ጽሕፈት ቤቱን አመሰገነች፣ ኮሚቴውን አመሰገነች፣ ሰብሳቢውን ሁለት ጊዜ አመሰገነች። እንደምንም "እንደ ማጠናከሪያ ግን..." ስትል ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ።

"ጊዜሽ አልቋል እኅታችን። ፏፏቴውን በመደገፍሽ እናመሰግናለን፤ ሐሳብሽ ተይዟል።"

ድልድዩ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰብሳቢን ማቋረጥ ነውር ነዋ። የሰው ልጅ ጎርፍ ሲወስደው ዝም ማለት ግን በእነሱ ቤት ነውር አይደለም። "የምትደግፉ?" ተባለ። እጆች ወጡ፤ የእሷም ወጣ። ብቻዋን እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ፈራች፤ ደግሞ አሁን ስታሞግሰው የቆየችውን ነገር በምን አፏ ትቃወም? በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ።

ሰምሃር በሳምንቱ መጥታ "ምን አልሻቸው?" አለቻት።

የሺአረግ ማበጠሪያው እጇ ላይ እያለ ማበጠሪያ ትፈልግ ጀመር። "መጀመሪያ የነገሩን አካሄድ..."

"ለፏፏቴው እጅሽን አወጣሽ ወይስ አላወጣሽም?"

ያቺ ምላሰኛ ጎንበስ ብላ ወለሉ ላይ የወደቀ ፀጉር መልቀም ጀመረች። ሰምሃር ግማሹ የተፈታ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ወጣች።

ፏፏቴው የተመረቀው ነሐሴ ላይ ነው። ቧንቧው ውኃ ስላልነበረው ገንዳው በቦቴ ተሞላ። የምክር ቤቱ አባላት ዣንጥላ ይዘው ፊት ለፊት ተደረደሩ፤ ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ ፏፏቴው ከታች ይረጫል፣ እነሱ ያጨበጭባሉ። የሺአረግ ቀና ስትል ከአደባባዩ በሚታየው ወንዝ ማዶ ከፋብሪካ የተመለሱ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አጣናው ዘንድሮም ተወስዷል፤ ጎርፉ እስኪጎድል መጠበቅ ነው እንግዲህ።

ከመካከላቸው ሰምሃር እጇን አወጣች። የሺአረግ ሰላምታ መስሏት ደስ አላትና የራሷን አነሳች። ሰምሃር ግን አላወዛወዘችውም፤ ድምፅ እንደሚሰጥ ሰው ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ከጎኗ ያሉትም ተራ በተራ አወጡ። የሺአረግ ዙሪያዋን አየችና እጇን ቶሎ አወረደች።