በሩ ወዴት ይዙር

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት አሶሳ ነው። ከደጋ የመጣ አንድ ጸሐፊ ልጆቹን ሲያስተምር እኔም ከጎናቸው እንድቀመጥ ፈቅዶልኝ ንባብ እስክለይ ድረስ ተማርኩ፤ ከዚያ ተዳርኩ። አማርኛም የቤታችን ቋንቋ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በበርታ ነው። ሰው ፊት ስናገር ቃል ይጠፋኛል፤ ወረቀት ግን አያየኝምና ልሞክር።

ያስጀመረኝ ልጥ ነው። ከዛፍ ቅርፊት የተላጠ፣ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ አንድ ጥቅል ልጥ ሣጥኔ ውስጥ አለ። ትናንት ሣጥኑን ሳጸዳ እጄ ገባና የእርጥብ ሰሌን ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ። በአህያ ኋላ እየተጓዛችሁ ያደጋችሁ የነጋዴ ልጆች ይህን ሽታ ታውቁታላችሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን በአህያ ይጫን ነበር። አባቴ በመንጌና በአሶሳ መካከል ጨውና አቡጀዲ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ በጋ ሲገባ እናቴንና እኔን ይዞን ይወጣል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ዛፍ ሥር ያድራሉ። እናቴን ግን ደረቷን ስለሚያማት አባቴ የሚፈርስና የሚተከል ቤት ሠራላት። አሥር ቀጫጭን ሽመል፣ የቆላ ቀርከሃ፣ መሬት ላይ ተክለን እናጎብጣለን፣ እናቴ የሠራቻቸውን አምስት ሰሌኖች እናለብሰዋለን፣ በልጥ እናስረዋለን። ጠዋት የልጡን አንድ ጫፍ ብቻ ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል። ያን ቋጠሮ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። አጎቴ ኢድሪስ፣ እኛ አሚ የምንለው የአባቴ ወንድም፣ ቤቱን የሚሸከመውን ግራጫ አህያ እያየ፣ «ይሄ ከሁላችንም ይሻላል፤ ቤት ሠርቶ ይዞት ይዞራል» ይል ነበር።

የእኔ ሥራ በሩ ወዴት እንደሚዞር መምረጥ ነበር። ሰፈር ስንደርስ እናቴ ከአህያዋ ሳትወርድ፣ «የቤቱ እመቤት፣ ዛሬ ምን ታሳዪናለሽ?» ትለኛለች። እኔም ዙሪያውን እሮጥና እመርጣለሁ። አንድ ቀን በሩን ወደ ሽመል ደን አዞርኩት፤ ነፋስ ሲመጣ ሽመሎቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ሲንቋቁ ተጋድመን ሰማን። ሌላ ቀን ወደ አንድ ትልቅ ሾላ አዞርኩት። ሲነጋ አረንጓዴ እርግቦች ፍሬውን ሊበሉ ወረሩት፤ እናቴም ሳትነሳ፣ አንድ እጇን ከራሷ በታች አድርጋ፣ ፀሐይ እስኪሞቅ አየቻቸው። ሴቶች ወርቅ የሚያጥቡበት ጅረት አጠገብ ስናድር ደግሞ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ አሸዋው በጣቶቿ መካከል ሲያልፍ ዝም ብላ ትቀመጣለች። አባቴ ገበያው እንደሚያልፍበት ያውቃል፤ ሆኖም «ተነሺ» ሲላት ሰምቼ አላውቅም።

በመጨረሻው በጋ ሳሏ ጠናባት። እናቴ የጉባ ልጅ ናት፤ ከአባይ ማዶ፣ ከማንኩሽ በታች ነው የተወለደችው። ተድራ ከመጣች ወዲህ ወንዙን ተመልሳ አላየችውም። አንድ ቀን አባቴን፣ «ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ጠዋት ብቻ እሱን እያየሁ ልንቃ» አለችው። አባቴ ጨውና ጨርቁን ለሌላ ነጋዴ አስረከበና ቤቱን፣ እናቴን፣ አሚ ኢድሪስንና እኔን ይዞ ወደ አባይ ወረደ።

ስድስት ቀን ተጓዝን። እየወረድን በሄድን ቁጥር ሙቀቱ በረታ፣ እሷም እየደከመች ሄደች። የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ እናቴን አባቴ አዝሏት ነበር፣ ዓይኗም ተከድኗል። በእኛ ነጋዴዎች ዘንድ በር ወደ ወንዝ አይከፈትም። ንዳድ ከውሃ የሚነሳው ጭጋግ ነው፣ በበር ገብቶ በሽተኛ ይወስዳል ይባላል። ይህን እያወቅሁም ሽመሉን በሩ ወንዙን እንዲያይ አድርጌ መትከል ስጀምር አሚ ኢድሪስ እጄን ያዘኝ።

«ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ ጀርባውን ለውሃው ስጪው» አለኝ።

«እሷ ግን…»

«ዛሬ እንድታይ አይደለም፣ እንድታድር ነው የምንፈልገው።»

አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። በሩን ወደ ኮረብታው አዞርኩት፤ በውሃው በኩል ያሉትን ሰሌኖችም ነፋስ እንዳያስገቡ ሁለት ሁለት ጊዜ አሰርኳቸው።

አስገብተን ስናስተኛት ነቃች። ቤቱ ጨልሞ ስለነበር ምንም አይታይም፤ የውሃው ድምፅ ግን ይሰማል። «እሱ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ነው፣ እማ።»

«በሩ ወደሱ ነው አይደል?»

«አዎ» አልኳት። በሕይወቴ የዋሸኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እጄን ያዘችና ደስ ብሏት ተኛች።

ሲነጋ ቀድሜያት ተነሳሁ። በበሩ የሚታየው ደረቅ ሣርና ድንጋይ ነው። እናቴ ዓይኗን ገለጠች፣ ኮረብታውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም። «ምናልባት ጭጋጉ ነው» አለች፣ እኔ እንዳላፍር ብላ። አባቴ ሊያነሳት ሞከረ፤ ትከሻዋን ከፍ ሲያደርገው ትንፋሽ አጠራትና መልሶ አስተኛት። አሚ ኢድሪስ አህዮቹን ሊያጠጣ ወርዶ ነበር።

እኔ ተነስቼ በጀርባ በኩል ዞርኩ። ሁለት ጊዜ ያሰርኩትን ቋጠሮ ለመፍታት ጥርሴን ተጠቀምኩ። የመጀመሪያው ሰሌን ወደቀ። ሁለተኛውን ስፈታ አሚ ኢድሪስ በቅል ውሃ ይዞ ከወንዙ ሲወጣ አየሁት። እንደሚቆጣኝ ባውቅም አላቆምኩም። እሱ ቅሉን አስቀመጠ፣ የቆምኩበት ድረስ መጣና እጄ የማይደርስበትን የላይኛውን ቋጠሮ ራሱ ሳበው።

አባይ እንዳለ ቤቱ ውስጥ ገባ። ገና ጭጋግ ነበረው። ማዶ ሁለት ጭስ ይታያል፤ ሴቶች ቅል ተሸክመው ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ አንድ ሰው ታንኳ ይገፋል። እናቴ ጭንቅላቷን በአባቴ ጉልበት ላይ እንዳደረገች ለረጅም ጊዜ አየች። ማዶ ያለው የልጅነት መንደሯ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ የትኛው እንደነበረ በጣቷ ለአባቴ አሳየችው። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማንም ግን ሰሌኑን እንመልሰው አላለም። ቀትር ሳይሆን አረፈች። እዚያው ወንዙ ዳር ካሉት ሾላዎች በላይ ቀበርናት።

ነፋሱ ቀኗን አሳጥሮት እንደሆነ አላውቅም። አሚ ኢድሪስ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ጠዋት ከእኔ ጋር አልተነጋገረም፤ ግን ወደ ቤታችን በመጣ ቁጥር ልጥ ያመጣልኝ ነበር። አሁን የምኖርበት ቤት ግድግዳው ጭቃ ነው፣ በሩም የሚከፈተው ወደ ጎረቤት አጥር ብቻ ነው። የክረምት ዝናብ አያስገባም፣ ልጆቼ አይበርዳቸውም፤ አልሐምዱሊላህ። የዛሬ ነጋዴዎች ቤታቸውን ጭነው አይወጡም፣ ልጆቻቸውም ጠዋት ጠዋት ተነስተው የሚያዩት ያንኑ አንድ ነገር ነው። የእኔም እንደዚያው። አንዳንድ ጊዜ ገና ሳልነሳ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ዛሬ በሩን ወዴት አዙሬው ነበር እላለሁ። ለልጄ ያን ቋጠሮ አስተምሬያታለሁ፤ የምታስርበት ቤት ግን የላትም።

ያን ዕለት ሰሌኖቹ ሣሩ ላይ ተጋድመው፣ የፈታኋቸው ልጦች በየቦታው ወድቀው ነበር። እናቴ ዓይኗን ከወንዙ ለአንድ አፍታ አነሳችና መሬቱን፣ ከዚያ እኔን አየች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ቃሉ ግን ጠዋት ጠዋት ጭነት ስናስር የምትለኝ ቃል ነው።

«ዘሃራ፣ ልጡን ሰብስቢው፤ ነገ ይፈለጋል።»