በአራት ባንዲራ የተጻፈ ስም

በዘንድሮው ከተራ ልጄ ጣና ዳር ድረስ በመኪና ወሰደችኝ። የሞተር ጀልባዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ በላስቲክ ባንዲራ አጊጠዋል። አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ደግኖ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ፣ ባንዲራው ከኋላዎ ይታይ» አለኝ። ቆምሁለት። ማልቀሴን ያየው ቤቱ ገብቶ ፎቶውን ሲከፍት ይሆናል።

እኔም በጊዜዬ ታንኳ አስጊጫለሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደብራችን ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ርብ ወንዝ ዳር ነው። ታቦቱ ለጥምቀት ወንዙን የሚሻገረው ጎን ለጎን በታሰሩ ሁለት የደንገል ሣር ታንኳዎች ነበር፤ እነሱን ማስጌጥ ደግሞ የጎረምሶች ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ግን ለበዓል የወታደር አፈሳ አለ ተብሎ ስለተወራ ጎረምሳ የሚባል ከአገሩ ጠፋ። ገሚሱ ጣራ ገዳም ጫካ ገባ፣ ገሚሱ ይፋግ ዘመድ ቤት ተሸሸገ። ሥራው በእኛ በሴቶቹ እጅ ወደቀ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ወንድሜ ሞላ ከዚያ በፊት ለውትድርና ተወስዶ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ገብቶ ነበር። አንድ ጊዜ በፈቃድ ሲመጣ ደብተር ይዞ መጣ። መርከቦች ከሩቅ የሚነጋገሩባቸው ባንዲራዎች በቀለም እርሳስ ተስለውበታል፤ እያንዳንዱ አንድ የፈረንጅ ፊደል ነው። ማሳው ዳር ተቀምጠን የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን የራሱን ስም አስጠናኝ። አራት ባንዲራ ብቻ ነው። ደብተሩን ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። እናቴ ከግንባር ተመለሰ የተባለ ሰው ቤት ሁሉ እየሄደች ትጠይቃለች። አለ እንዳንል የሰማነው የለ፤ ሞቷል ብለን ፍትሐት እንዳናስፈታው ማን ደፍሮ ይናገር። ስሙ ከሕያዋንም ከሙታንም ጸሎት ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ታንኳው ላይ ልጽፈው ወሰንሁ። ሰማያዊውን ከአሮጌ የተማሪ ልብሱ ቀደድሁ፣ ጥቁሩን ከተሰበረ ጃንጥላ። ቢጫ ጨርቅ ወረታ ገበያ ባጣ አቡጀዲ በእርድ ነከርሁ፤ ጣቶቼ በዓሉ እስኪያልፍ ወጥ ወጥ ሸተቱ። የደብሩ አለቃ ሰፍቼ ሳመጣ ተጠራጠሩ።

«የመንግሥት ነገር እንዳይሆን፣ አንች ልጅ!»

የመጀመሪያውን ባንዲራ ዘረጋሁላቸው፤ በሰማያዊ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ መስቀለኛ ነው። አገላብጠው አዩትና «መስቀሉስ ዘመም ብሏል፤ ቢሆንም መስቀል ነው» ብለው ፈቀዱ።

ለእናቴ ብቻ እውነቱን ነገርኋት። አራቱንም በየተራ ዳሰሰቻቸው። «ልጄ ከታቦቱ ጋር ይሻገርልኛላ!» አለች።

የከተራ ዕለት እኔ ቀድሜ ማዶ ተሻግሬ ነበር። ታንኳው ሲነሣ የእናቴ እልልታ ከሁሉ በላይ ተሰማኝ። ጥቁሩ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከአጠገቤ አንድ በክራንች የቆመ ሰው ነበር፣ ዘመዶቹ ለበዓል ከይፋግ ያመጡት። ዓይኑ ባንዲራዎቹ ላይ ተተከለና በከንፈሩ አነበበ።

«ሞላ... ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ። የወንድሜ ስም ነው።»

«የፎገራው ሞላ? ምጽዋ የነበረው?»

«አዎ! ያውቁታል? አለ?»

ሰውዬው ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።  ክንዱን ይዤ አለቅም ስለው «አንድ መርከብ ላይ ነበርን» አለ፤ «እኔ እግሬን ሰጥቼ ወጣሁ። እሱን ባሕሩ አስቀረው።» ከዚያ «እናት አላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። በእጄ ማዶውን አሳየሁት።

አገራችን መርዶ በበዓል አይነገርም፤ ሽማግሌዎች በጠዋት መጥተው ነው የሚያረዱ። ሰውዬው ለአለቃው ነገረ፣ እሳቸውም «በዓሉ ይለፍ፤ አንችም ቻይው» አሉኝ። ቻልሁት። በማግሥቱ ታቦቱ ሲመለስ እናቴ ከታንኳው ፊት ለፊት ወገቧን ይዛ እልል እያለች ጨፈረች። ጠላ ቀዳችልኝ። «ምን ሁነሽ ነው? ፊትሽ ጠቆረሳ!» አለችኝ፤ ፀሐይ መታኝ አልሁ። ጥር ዐሥራ ሦስት ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ።

የለቅሶው ሳልስት ዕለት ነው የጠየቀችኝ።

«አንች መቼ ሰማሽ?»

«ለከተራ።»

«እልል ስልሳ?»

«ሰምቼ ነበር፣ እማ።»

 «መጥተሽ እጄን ብትይዥኝ ምን ነበረበት?» አለች። ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም። ግን እናቴ እልል ስትል ሁለተኛ አልሰማሁም። በሠርጌ ቀን እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆመች።

ዛሬ እሷ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ፤ ልጆች ወልጄም ቀብሬም አይቼዋለሁ። ለሦስት ቀን ልጇን በሕይወት አቆየሁላት እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ። አለቃው ያዘዙኝን ነው ያደረግሁትም እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። እናቴ ግን ለምን ዝም አልሽ ብላ አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ስለ እጇ ነበር። እጇን ለመያዝ መናገር አያስፈልገኝም ነበር።