ዚክር የማያስቆርጥ እርምጃ

አያቴ የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግደው ሲወጡ፣ ደሴ ውስጥ ከሆጤ ወደ ገራዶ በሚወስደው መንገድ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እየቆጠሩና የአላህን ስም በዚክር እያወሱ ግማሽ ሰዓት ይሄዱና ይመለሱ ነበር። ልጅ ሳለሁ ተከትያቸው ስሮጥ፣ "ዚክሩ ከተቆረጠብሽ ፈጥነሻል፤ ብርድ ከተሰማሽ ደግሞ ተጎትተሻል" ይሉኝ ነበር። ሰማንያ ሲጠጉም ዳገቱን ወጥተው ድምፃቸው አይቆራረጥም።

ባጃጅ ደሴ በገባ ሰሞን ጎረቤቱ ያማን ጀመር። "ልጆች እያሏቸው በእግራቸው ይንከራተታሉ" ተባለ። እናቴ አፈረች። እኔ ያኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ይዤ ነበርና ከመስጊድ ቤት የሚያመላልሳቸው አንድ የባጃጅ ሹፌር በወር ክፍያ ያዝኩላቸው።

"ከእንግዲህ እርስዎ ይረፉ" አልኳቸው።

"ማረፉስ ይደርሳል፣ ልጄ" አሉና ባጃጁን ቆመው አዩት። እንዳላፍር ብለው ተሳፈሩ፤ የማለዳው እርምጃም በዚያው ቀረ።

ዓመት ሳይሞላ ከወንበር ለመነሳት ክንዴን ይፈልጉ ጀመር። እኚያ ዳገት የማይበግራቸው ሰውዬ የመስጊዱን ደረጃ ፈሩት። እናቴ "እርጅና ነው" አለች። ያን ክረምት ሳይወጡ አረፉ።

አሁን በየማለዳው በዚያው መንገድ እወጣለሁ። ሙስበሃቸው እጄ ላይ ነው። ቀስ ልበል እላለሁ፤ እግሬ እምቢ ይላል፣ ትንፋሼ ይቆረጣል፣ ዚክሩን ስንት ጊዜ እንደገና እንደምጀምረው አላህ ያውቃል።

ትናንት ያው ሹፌር አጠገቤ አቆመና "ግቢ፣ ላድርስሽ" አለኝ።

"ተወኝ፣ በእግሬ ልሂድ" አልኩት።

አያቴ ባጃጁ መጀመሪያ በመጣላቸው ቀን፣ እኔን ላለማሳፈር ብለው የዋጡት ቃል ይሄ ነበር።