ቀዝቃዛው ጋን

የካ ዳገቱ ሥር ባለች ትንሽ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ መሐንዲስ ነኝ። ውሃ የምናፈላው በባሕር ዛፍ ነበር። ጭሱ የጎረቤቱን ልብስ ከገመድ ላይ ሳይወርድ ያጠቁራል፤ እንጨቱን ደግሞ ሴቶች ከእንጦጦ በጀርባቸው ያወርዱልናል። ይህን ለማስቀረት ስንት ለፋሁ! በመጨረሻ ተሳካልኝ። ሌሊት ከተማው ሲተኛ፣ መብራት ሲተርፍ፣ ኤሌክትሪኩ በወፍራም ግድግዳ የታሸገ የጡብ ክምር ያግላል፤ ጡቡ ሙቀቱን ይዞ ያድርና ቀን ውሃችንን ያፈላል። ሠራተኞቹ ነገሩን አይተው ሳቁና «ጋኑ» አሉት።

ባለቤቱን ለማሳመን ስብሰባ ላይ «የእነዚያ እናቶች ጀርባ ይረፍ» ብዬ ነበር። ተጨበጨበልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከእናቶቹ አንዷን እንኳ አልጠየቅሁም።

እንጨት መግዛት ስናቆም ሌሎቹ ሴቶች ከበር የመለሳቸውን ዘበኛ ረግመው ሌላ ገዢ ፍለጋ ሄዱ። ከእኛ ሌላ ደንበኛ የሌላቸው አንዲት አዛውንት ግን «እስቲ ጋን ያላችሁትን አሳየኝ» አሉኝ። አስገባኋቸው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ጫኑ። ሙቀት እንዳያመልጥ አድርጌ ያለበስኩት ነውና ቀዝቃዛ ነበር፤ የሙያዬ ኩራትም እሱ ነው። እሳቸው ግን አዘኑልኝ።

«እሳቱ ጠፍቶብሃል፣ ልጄ» አሉ፣ ሰው እንዳይሰማብኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አይዞህ። ጋን እኮ በጠጠር ይደገፋል። እኔ እንጨት አላሳጣህም።»

ያኔውኑ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ፈራሁና እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ሸክማቸውን ይዘው መጡ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። በሩ አጠገብ አውርደው እስክንጠራቸው ቁጭ ይላሉ፤ ማታ ያንኑ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ እኔ ስወጣ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ጭሱ ስለቀረለት የሠፈሩ ሰው ይመርቀኛል፤ ምርቃቱ ያሳቅቀኛል። ጋኑን በመሥራቴ አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን እሠራዋለሁ። ነገር ግን የሰው እንጀራ እንደምዘጋ ሳላስብ ነው የሠራሁት፤ ይህ ሲ.ኤም.ሲ ካለው ቤቴ ስመጣም ወደዚያው ስመለስም ታክሲ ውስጥ ይበላኛል።

አንድ ጠዋት እያካፋ፣ እዚያው በሩ ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ።

«እማማ፣ ጋኑ ይሠራል። ከመጀመሪያውም ይሠራ ነበር። የሚቀዘቅዘው ውጪው ብቻ ነው። እንጨት ከእንግዲህ አንገዛም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ለአፍታ እንጨቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«እሰይ! ከሥራ ሊያባርሩህ ነው ብዬ እኮ ስጨነቅ ከረምኩ። ጋኑ እንዲነሳልህ ለማርያም ጧፍ ተስዬልህ ነበር። በል፣ ስለቴ ሰመረ።»

እሳቸው ነጠላቸውን አጥብቀው ታጠቁና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጎንበስ አሉ።

«በል አሸክመኝ፤ ጧፉን የምገዛበት እንዳገኝ እንጨት የሚያነዱ ዳቦ ቤቶችን ልሞክር።»

አሸከምኳቸው።