ከፍሬሙ የወጣው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቴ አንዲት ወጣት መጣች። ለአንድ ማር አሻጊ ድርጅት የማስታወቂያ ፎቶ የሚሆን የቤት ዕቃ እየዞረች እንደምትለቅም ነገረችኝ። እየተጨዋወትን ዓይኗ ወንበሩንና መጋረጃውን ይለካል። «እትዬ፣ ቤትዎ እንዴት ደስ ይላል!» አለችኝ። የፈለገችውን ወንበር አዋስኳት። ግድግዳው ላይ ወዳሉት ፎቶዎች እጇን ስትዘረጋ ግን ሳላስበው ብድግ አልኩና «እነሱን እንዳትነኪ!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች። ምንም አላጠፋችም፤ የጮህኩት በሌላ ሰው ላይ ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት እኔም የእሷ እኩያ ነበርኩ። ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ምደባ እጠብቃለሁ። ግንቦት ነው፤ ገበሬው ሰማይ ሰማይ እያየ ማረሻውን የሚያሾልበት፣ መንገዱ አቧራ ብቻ የሆነበት ጊዜ። አንድ የቀለም ፋብሪካ ለአዲስ ዓመት ካላንደር ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ላከ። አለቃቸው ሶስና ትባላለች። ሥራዋ ፎቶ ማንሳት ሳይሆን ፎቶ የሚነሣውን ቤት ማሰናዳት ነው፤ የትኛው ወንበር የት ይቀመጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ምን ይሁን፣ መጋረጃው ምን ያህል ይገለጥ፣ ሁሉን የምትወስነው እሷ ናት። አገሩን የሚያውቅ ሰው ስትፈልግ የምኖርበት ቤት አከራይ ከእኔ ጋር አገናኘቻት።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ልቤን ወሰደው። አገልግል፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ያረጀ ሣጥን ከየቤቱ እየለመንኩ ሳመጣ፣ ሶስና አንዱን አንሥታ ሌላውን ስትጥል፣ ተራ ክፍል በእጇ ሌላ ነገር ሲሆን አየሁ። «ካሜራ ያለው አንድ ዓይን ነው» ትለኝ ነበር። «እሱን አጥግቢው፤ የቀረው ይራብ።» እኔም ትልቅ ጥበብ መስሎኝ እስቅ ነበር።

የገጠር ከተማ ቤት ፈልጋ ብዙ አይታ አልወደደችም። በመጨረሻ ቁይ ያለውን የእናቴን ቤት አየችና ከደጅ የሚገባው ብርሃን ማረካት። እናቴም ቤቷ ሊቀባላት ነው ብላ ፈቀደች። ለእንግዶቹ ድፎ ዳቦ ጋገረች፤ ድንች ቀቅላ በአዋዜ አቀረበች።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የወንድሜ የይበልጣል ፎቶ ነበር። ይበልጣል ደጀን ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከዚያች ፎቶ በቀር ሌላ አልነበረውም። የተነሣው ደጀን ፎቶ ቤት ሲሆን ኮቱን ያዋሰው ፎቶ አንሺው ነው። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ኮቱ የሰው ነው፤ ፊቱ ግን የእኔ ነው» ትል ነበር።

በማግስቱ ዕቃችን ሁሉ ወደ ግቢ ወጣ። እናቴ አልጋዋ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ውስጥ አንዱ ግድግዳ ቢጫ ተቀባ፤ እሱም እስከ ግማሹ ብቻ። እናቴ በበሩ ብቅ ብላ «የቀረውስ መቼ ነው የሚቀባው?» ብትል፣ ሶስና ሳትዞር «ፎቶ ውስጥ አይገባም፣ እማማ» አለቻት። ድፎ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በብሩሽ የእንጨት ቫርኒሽ ይቀባል፤ እንዲያብለጨልጭ ነው።

«እህል ላይ?» አለች እናቴ።

ብሩሹ መቀባቱን ቀጠለ። ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

እኔ ከጎረቤት የጠረጴዛ ልብስ ተውሼ ስመለስ ቤቱ አኳራጅ አኳራጅ ይሸታል። ሶስና የይበልጣልን ፍሬም ታቅፋ መስታወቱን በዚያው ቀለም ማቅጠኛ በነከረችው ጨርቅ ትወለውላለች። ፍሬሙን ወዳዋለች፤ ውስጡ ግን ለማስታወቂያው ሙሽራና ሙሽሪት ሆነው የመጡትን የሁለቱን ፎቶ ልታስገባ ነው። ፎቶው በእርጥበት ብዛት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ስትስበው ተልጧል። ወረቀቱን ከመሬት አነሣሁት። ኮቱ አለ። ከአንገት በላይ ነጭ ነው። ፊቱ መስታወቱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ጠርጋዋለች።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሯል። «ልጄስ?» አለች።

ሶስና ያን ጊዜ ቀና አለች። «ይቅርታ እማማ፣ ተጣብቆ ነበር እኮ። ግድ የለም፣ ሌላ ፎቶ እንሰጥዎታለን።»

«የማንን?» አለቻት እናቴ።

ከሶስና ጋር የመጣው ፎቶ አንሺ «የፀሐዩ ብርሃን እያለፈብን ነው» ብሎ አጉረመረመ። እናቴ ሶስናን ትክ ብላ አየቻትና «ጨርሱና ውጡልኝ» ብላ ወጣች። እነሱም ጨረሱ። ሙሽሮቹ ቢጫው ግድግዳ ፊት፣ በቫርኒሹ ዳቦ አጠገብ ሳቁ።

ዕቃቸውን ሲጭኑ ሶስና ጠራችኝ። «ጥሩ ዓይን አለሽ፤ አዲስ አበባ ብትመጪ አሠራሻለሁ» አለችኝ።

«ወንድሜን የጠረግሽው በየትኛው ጨርቅ ነው?» አልኳት።

በአገጯ እየጠቆመች ጥግ ላይ ያለውን የጨርቅ ክምር አሳየችኝ። ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም ቀለም የነካው ነው። እቅፍ አድርጌ ለእናቴ ወሰድኩላት። «እማ፣ ከእነዚህ ባንዱ ላይ ነው።»

እያገላበጠች አየቻቸው። «ታዲያ በየቱ ላይ ላልቅስ?» አለችኝ።

መስከረም ሲጠባ ካላንደሩ ወጣ። አንዲት ጎረቤታችን «ቤትሽ ተመረቀ፣ እልል በይ!» እያለች ይዛው መጣች። የይበልጣል ፍሬም ከነሙሽሮቹ መሀል ላይ ጎልቶ ይታያል። ልቀደው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ይሄ ልጅ እናት ይኖረው ይሆን?» አለች፣ ሙሽራውን በጣቷ እየነካች።

«ይኖረዋል መሰለኝ።»

«እንግዲያው አትቅደጂው።»

ራሷ ሰቀለችው። ዓመቱ አልፎ ሌላ ዓመት ሲመጣም አላወረደችውም። እያደር ማስተዋሏ ከዳት፤ ሰው መለየት አቃታት። አንድ ቀን ልጠይቃት ብሄድ ካላንደሩን እያየች ፈገግ ብላለች። «ይበልጣል አገባ እኮ! ሚስቱ እንዴት ታምራለች» አለችኝ። ምን እላለሁ? «አዎ እማ፣ ታምራለች» አልኳት። ልጇን ድራ ደስ ብሏት ሞተች።

እሷስ ዐረፈች። እኔ ግን አሁን ሰው ስለ ወንድሜ ሲጠይቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቱን እፈልገዋለሁ። የሚመጣልኝ ስሙን እንኳ የማላውቀው የዚያ ሙሽራ ፊት ነው፤ ይስቃል።