ድንጋዩ በጫንቃው ሳለ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መልሱ ይቸግረኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሐኪምም አይደለሁም። ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከሐኪም ቤት ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያም እስከ ችሎት ድረስ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ወረቀታቸውን እይዛለሁ፣ ያልገባቸውን አስረዳለሁ፣ ሲደክማቸው ባጃጅ አቆማለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ስማር ክፍል ፊት ቆመሽ ተናገሪ ስባል ድምፄ የሚጠፋብኝ ልጅ ነበርኩ። ይህን ሥራ መያዜን እናቴ ስትሰማ፣ «አንቺ? ታክሲ ውስጥ ‹ወራጅ አለ› ማለት የምታፍሪው?» ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ስለዚህም ይመስለኛል አንዲት ከመካነ ብርሃን የመጣች ሴት ያደረገችውን እስከ ዛሬ ስደነቅበት የምኖረው።

መጀመሪያ ያየኋት ሐኪም ቤት ነው። ባሏ በዱላ መትቷት የግራ ክንዷ ተሰብሯል። ባልየው ግን ለመንደሩ ሁሉ «ውኃ ስትቀዳ ከገደል ወድቃ ነው» ብሎ አስወርቷል። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ሲያየው ቆየና በራሱ ክንድ ፊቱን ከልሎ አሳያት።

«እንዲህ አድርገሽ ነበር?»

«እንዲያ አድርጌ ነበር» አለች። «ወደ ራሴ ነበር የሰነዘረው።»

ክንዷ በጀሶ ታሰረ። በአንድ እጅ መቀነት መታጠቅ ስለማይቻል፣ «እስቲ እቴ፣ እሰሪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተገናኘን ቁጥር መቀነቷን የማስርላት እኔ ሆንኩ። የምንጨዋወተው ያኔ ነው። አንድ ቀን ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ሳለ፣ «ዳኛ ሳያየው ከእርሱ ጋር ብመለስ፣ ሁለተኛው ዱላ ክንዴን አይስትም፤ ራሴን ነው የሚያገኘው» አለችኝ። ስለ ዝናብ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

የምትኖረው ቀሐ ወንዝ አጠገብ፣ አክስቷ ቤት ነበር። ባልየው ድርጊቱን ክዷል፤ የእርሷ ቃል የሚሰማው ማክሰኞ ነው። ያን ዕለት ካልመሰከረች መዝገቡ እንደሚዘጋ ዐቃቤ ሕጓ ነግራናለች።

ዐርብ ዕለት አክስቷ ደወለችልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባልየው ሁለት ሽማግሌዎችንና የሴትዮዋን የነፍስ አባት ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ሊመጣ ነው።

ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በዳይ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ከቆመ፣ ተበዳይ «አውርድ» ሳይለው አያወርድም። «አውርድ» አልልም ያለ ደግሞ ከበዳዩ ይልቅ ይወቀሳል። አዝመራው ሲደርስ ደቦ የሚወጣለት፣ ሲሞት ቀብሩ ላይ የሚቆምለት አይገኝም። በዚህ መንገድ ተዘግተው የቀሩ መዝገቦች አይቻለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ተቀምጬ የምትለውን በአንድ ገጽ ጻፍኩላት። «ጉዳዩ በሕግ የተያዘ በመሆኑ በአሁኑ ጊዜ ዕርቅ ለመቀበል አልችልም» ይላል መጀመሪያው። ማንበብ ስለማትችል ሁለት ጊዜ አነበብኩላት።

«ሸጋ ነው» አለች። «የእኔ አፍ ግን አይደለም።» ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

እሑድ ወደ አክስቷ ቤት ቀድሜ ሄድኩ። መደቡ ለሽማግሌዎቹ ስለተተወ በሩ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹና የነፍስ አባቷ ገብተው መደቡ ላይ ተደረደሩ። ባልየው ደጁ ላይ ቆመ። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ ድንጋዩ አንገቱን አጉብጦታል። አክስቲቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ከመካነ ብርሃን ተሸክሞት የመጣ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «አሁን ከወንዙ ዳር ነው ያነሣው። ከነጭቃው!»

አንደኛው ሽማግሌ ጀመሩ። «ልጄ፣ ብረት እንኳ ከብረት ይጋጫል። ይኸው ልጁ አጥፍቻለሁ ብሎ ድንጋይ ተሸክሟል። ምነው፣ አውርድ በይው እንጂ።»

«ምን አጠፋሁ ይላል፣ አያ?» አለች።

«አጥፍቻለሁ ይላል አልኩሽ።»

«እርሱንማ ሰማሁ። ምን?»

ሽማግሌው ወደ ነፍስ አባቷ ዞሩ። ቄሱም፣ «እንግዲህ የባልና የሚስት ነገር ይዘረዘራል ወይ?» አሉ።

«አባ፣ አንቱ ንስሐ ስገባ ‹ኃጢአት ሠርቻለሁ› ብዬ ዝም ብል ይፈቱኛል? ስንት ጊዜ፣ በማን ላይ፣ እያሉ አይደለም የሚጠይቁኝ?»

ቄሱ ጢማቸውን ዳሰሱ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁና፣ «በሉ ይመልሱላት፣ አባ» አሉ።

እርሷ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ወደ ደጁ ብቻ ተመለከተች። «አንተ ሰው፣ እኔ ከገደል ወድቄ ነው?»

የወንዙ ውኃ ይሰማል። ድንጋዩን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው ሲያዛውረው ጭቃው በአንገቱ ወረደ። ቸኩላ የምትናገር መስሎኝ ነበር፤ አልቸኮለችም። ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ሽማግሌዎቹንም ድንጋዩ እየከበዳቸው መሄዱን በዓይኔ አየሁ። እኔ አምስት ዓመት ሕግ ተምሬ፣ ያችን ዝምታ በምን ስም እንደምጠራት አላውቅም ነበር።

«መትቻት ነው» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መሬት እያየ።

«በምን?»

«በዱላ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ኧረ ልጄ፣ ሰውየው ይሰበራል!» አሉ የመጀመሪያው ሽማግሌ።

«እኔ ተሰብሬ ገመናውን ሸፍኜ ኖሬያለሁ፣ አያ። ስንት ጊዜ?»

«የአሁኑ ሦስተኛ ነው» አለ።

«አውርድ» አለችው። «ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ድንጋዩ ዱብ ሲል በርጩማዬ ሥር ያለው መሬት ነዘረ። ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። እኔ ግን አለቀ አልኩ። አንድ ቃል ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«እንግዲህ ጓዝሽን ያዥ» አሉ የመጀመሪያው ሽማግሌ። «ነገ በጠዋቱ መኪና እንወጣለን።»

«ማክሰኞ ቀጠሮ አለብኝ።»

«ታርቀሽ? የምን ቀጠሮ?»

«ዳኛ ጠርቶ መቅረት ነውር ነው፣ አያ። እርሱም ተጠርቷል።»

«እንግዲያውስ ሄደሽ ክሱን ታነሺዋለሽ። እኛም ቆይተን ይዘንሽ እንሄዳለን» አሉ። ተነሥታ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። እኔ ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ መልሱን ፈርቼ ነው። ሁለቱን ቀን እህል አልበላልኝ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። «ጠበቅ አድርጊው» አለች። መቀነቷን አጠበቅኩት። «አሁንም ጠበቅ።»

ሽማግሌዎቹና ቄሱ ችሎቱ ውስጥ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከመጀመሩ ባልየው እጁን አወጣ። «ክብርት ዳኛ፣ ታርቀናል። በሽማግሌ ፊት ይቅር ብላኛለች።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እርሷ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ምስክርነትሽን ትተሽዋል ማለት ነው?»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ።

«የለም» አለች። «ይቅርታው በእኔና በእግዜር መካከል ነው፤ ሰጥቻለሁ፣ አልመልሰውም። ቂም የለብኝም። ስለ ክንዴ ግን መንግሥት ይጠይቀው። እኔ ይቅር ብዬው ማንም ካልጠየቀው፣ የሚቀጥለውን ጊዜ ይቅር የሚል አፍ አይኖረኝም።»

ከዚያም ሁሉንም ተናገረች፤ ከመጀመሪያው ዱላ እስከ ሦስተኛው። አላለቀሰችም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም ብላ ውኃ ለመነች።

ስትጨርስ ዳኛዋ ባልየውን «የምትጠይቃት አለ?» አሉት። ዘወር ብሎ ወደ ኋላው አግዳሚ አየ። ቄሱ ዓይናቸውን ከእርሱ ላይ አልነቀሉም። እሑድ ሳል የመሰለ ሳቅ የሳቁት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ከደኑ። «መትቻት ነው» ሲል በጆሯቸው የሰሙ ሰዎች እያዩት ምን ሊል ይችላል?

«የለኝም» አለ። «እንዳለችው ነው።»

እስክሪብቶዬ ሲወድቅ አልሰማሁትም፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነው አንሥቶ የሰጠኝ።

ስንወጣ ፀሐይ ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ደርሰን ነው አፌ የተፈታው። «ምነው እሑድ አልነገርሽኝም? ሁለት ቀን ሞቼ ነበር እኮ።»

«ብነግርሽ ፊትሽ ያሳብቅብኝ ነበር» አለች። «አንቺ ልጅ መደበቅ አታውቂም። እንደዚያ ፈዝዘሽ በሩ ላይ ስትቀመጪ ነው ሽማግሌዎቹ ያመኑኝ።» ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር፤ የፊት ጥርሷ መካከል ፍንጭት አለ።

ወረቀቴን ከደረቷ አውጥታ ሰጠችኝ። እንደታጠፈ ነው። ከዚያ ጀርባዋን አዞረችልኝ።

«በይ እቴ፣ አሁን ላላ አድርጊልኝ።»