በቁሜ የተደረሰብኝ ፍትሐት

በሕይወት ሳለሁ ፍትሐት አደረሱብኝ። ያደረጉትም ጠላቶቼ አይደሉም፤ አብሬያቸው ጽዋ የምጠጣ የሰንበቴ ማኅበርተኞቼ ናቸው።

በ1946 ዓ.ም. ክረምት ከዳባት በታች ወዳለው አገራችን ተስቦ ገባ። ከገደሉ ማዶ ያለው መንደር በሙሉ ታመመ፤ በየበሩ እሾህ ታጠረ። ማኅበራችን ከየቤቱ ገብስና ጨው አሰባስቦ ለታጠሩት የሚያደርስ ሰው ፈለገ። ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፤ ዕጣ እንኳ ሳይጥሉ እኔን ላኩኝ። ውሉ ይህ ነበር፦ በሽታው እስኪያልፍ ወዲህ አልሻገርም፤ ማዶ ካለው ዋሻ አድራለሁ። እነሱ እህሉን ገደሉ መሻገሪያ ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖሩልኛል። እኔ ጠዋት ጠዋት እሳት አነዳለሁ። ጭሴ ከታየ አለሁ ማለት ነው።

ሃያ ቀን ያህል እንዲህ ከረምኩ። እሾሁ ጋ ቆሜ እጣራለሁ፤ የሚመልስ ካለ እህሉን አኑሬ እሄዳለሁ፤ ከሌለ በማግስቱ ደግሜ እጣራለሁ። ሰው ከማይመልስባቸው ቤቶች አንዳንዴ የወፍጮ ድምፅ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ተስቦው እኔንም ጣለኝ። ስንት ቀን እንደተኛሁ አላውቅም። ስነቃ እሳቴ ጠፍቷል፤ ጉሙ ዋሻው ውስጥ ገብቷል። ከማዶ፣ ከኛ መንደር በኩል፣ የፍትሐት ዜማ ይሰማል። ሰዎቹ አይታዩም፤ ድምፃቸው ብቻ በጉሙ ውስጥ ይመጣል። ማን ሞተ ይሆን ብዬ አማተብኩ፤ ነፍስ ይማር አልኩ። ወዲያው ቄሱ የሟቹን የክርስትና ስም ጠሩ። ያን ስም እናቴ ከሞተች ወዲህ ከንስሐ አባቴ ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። የኔ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።

በእግሬ መቆም ስችል ተሻገርኩ። እኅቴ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ። አልጮኸችም፤ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ወንድሜ አርፏል» አለች ከውስጥ፣ ለመንገደኛ በሚነገር ድምፅ። «በሥላሴ ይዤሃለሁ፣ ሂድ።»

እሑድ ሰንበቴ ቤት ሄድኩ። ሰላምታዬን የመለሰ የለም። ጽዋው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ዘሎኝ አለፈ። አላባረሩኝም፤ ባዶ ቦታ እንደሚታይ ነው ያዩኝ። ቄሱን ደጀ ሰላሙ ላይ ያዝኳቸው።

«አባ፣ ይዳስሱኝ፤ ሥጋ ነኝ» አልኳቸው።

አልዳሰሱኝም። «ፍትሐት ሁለት ጊዜ አይደረስም» ብለው አለፉ።

እንግዲህ የእውነት የሞትኩ ቀን እንደ ውሻ ልጣል ነው። ጽዋቸውስ ይቅርብኝ፤ ይህ ግን አላስተኛኝም።

ደባርቅ ገብቼ በቅሎ እየጫንኩ ኖርኩ። እዚያ ለጎልማሳ ፊደል ያስቆጥሩ ነበርና ወደ አርባ ስጠጋ ማንበብ ቻልኩ። አንድ የጥምቀት ሰሞን ተመልሼ የማኅበሩን መዝገብ ገለጥኩ። በዚያ መዝገብ መጀመሪያ ያነበብኩት ስም የራሴ ነበር፤ ከሙታን ተርታ።

በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ከገደሉ ማዶ ሰው በተቅማጥና በትውከት ያልቅ ጀመር። መንግሥት ስንዴና መድኃኒት እስከ ደባርቅ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ ማኅበሮች ያድርሱ ተባለ። የኛዎቹ ተረክበው እስከ ገደሉ ወሰዱት። የሚሻገር ጠፋ። ያኔ ታወስኳቸው። የሰንበቴው አለቃ፣ ሙሴ የምንለው፣ ደባርቅ ድረስ መጣ። በአሥራ ሰባት ዓመት ያናገረኝ ያን ቀን ነው።

«አንተማ አንዴ ሞተሃል፤ ምን ይነካሃል?» አለኝ። ቀልዶ ይሁን አምኖበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«የሞተ ሰው ስንዴ አይሸከምም» አልኩት። «መጀመሪያ ስሜን ፋቁ።»

ቄሱ አርጅተው ነበር። ሰንበቴ ቤቱ ደጃፍ መዝገቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ስሜን በቢላዋ ጫፍ ከብራናው ፋቁና ከሕያዋን ተርታ ጻፉት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ከዚያ የፍትሐቱን ነገር ጠየቅኋቸው።

«ሬሳ ሳላይ ያደረስኩት ፍትሐት አይደለም» አሉ። «ጭስ ባጣ ነው የፈታሁህ። ስትሞት እንደ ሰው ትፈታለህ።» ይህን ብለው እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳሰሱ።

ስንዴውን ተሸክሜ ጉሙ ውስጥ ገባሁ። በማግስቱ ጠዋት እሳት አነደድኩ። ከማዶ በስሜ ጠሩኝ። መጀመሪያ ዝም አልኩ፤ ሲደግሙ አቤት አልኳቸው።

ስሜ ከሙታን መዝገብ የተፋቀው ሐምሌ 7 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው።